ሦስቱ ፌዞች እኩል ሲሸከሙ

በሐምሌ ከቀትር በኋላ በኩዌቷ አባሲያ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ሥር የሚያልፍ ሰው ከመኪናው ጥሩምባ ይልቅ የኤሲውን ጉርምርምታ ይሰማል። በየመስኮቱ የተሰካው ማሽን ውሃውን ወደ እግረኛው መንገድ ያንጠባጥባል፣ ትኩስ አየሩንም ወደ ውጭ ይገፋል። ሕንፃው ውስጥ ደግሞ ከአፓርታማ አፓርታማ የሚለያይ አቤቱታ አለ። አንዱ ተከራይ ኤሲው በተነሣ ቁጥር መብራቱ እንደሚፈዝ ይናገራል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ጎረቤት ግን ምንም አላየም። ሌላው ብሬከሩ በቀን ሁለቴ ሦስቴ ይወርድበታል። ሀሪሱ፣ ማለትም የሕንፃው ጠባቂ፣ ወርዶ ብሬከሩን ይመልሰዋል፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ይጠራል።

«መብራቱ አልበቃም» የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል፤ አንዳንዴም እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ወደ ሕንፃው የሚገባው ኃይል በድምሩ ሲታይ ይበቃል። ችግሩ ያለው አከፋፈሉ ላይ ነው። ኃይሉን ከሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች አንዱ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ሲግል፣ ሌሎቹ ሁለቱ በግማሽ ጉልበታቸው ይሠራሉ። ባለሙያዎች እያንዳንዱን ሽቦ ፌዝ፣ ችግሩን ደግሞ የፌዝ አለመመጣጠን ይሉታል። የተበላሸ ዕቃ ሳይኖር ዕቃ የሚያበላሽ ችግር ነው። ደግነቱ በቀላል መሣሪያና በአራተኛ ክፍል ሒሳብ ይታወቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም አዲስ ነገር ሳይገዛ ይስተካከላል።

ሙቀትና ጥግግት

አባሲያ በፈርዋኒያ ግዛት በጅሊብ አል ሹዩክ ውስጥ የሚገኝ፣ ከኩዌት ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ የማይርቅ የሠራተኞች ሰፈር ነው። ከሕንድ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከግብጽና ከሌሎች አገሮች የመጡ ሰዎች ተጠጋግተው ይኖሩበታል፤ ኢትዮጵያውያንም አሉበት። ጥግግቱ ምን ያህል እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲገባ ታይቷል። በሚያዝያ ወር መግቢያና መውጫቸው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት አካባቢዎች አንዱ ጅሊብ አል ሹዩክ ነበር፤ ሌላው ማህቡላ።

የኩዌት ሙቀት ደግሞ ማስተዋወቅ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 2016 በሚትሪባ ጣቢያ የተመዘገበውን 53.9 ዲግሪ ሴልሺየስ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት አጣርቶ ተቀብሎታል፤ በእስያ በአስተማማኝ ሁኔታ ከተለኩት ሙቀቶች ሁሉ ከፍተኛው ነው። በእንዲህ ያለ አገር ኤሲ ሕይወት ማቆያ ነው። በበጋው ከባድ ሰዓት አገሪቱ ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ 70 በመቶ ገደማውን የሚወስደውም እሱ ነው። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍላጎት እ.ኤ.አ. በ2024 በጋ ከ17 ሺህ ሜጋዋት በላይ ደርሷል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጣቢያዎቹ ፍላጎቱን መሸከም ሲያቅታቸው፣ የኤሌክትሪክና ውሃ ሚኒስቴር በአንዳንድ አካባቢዎች በቀን እስከ ሁለት ሰዓት መብራት በፈረቃ ማጥፋት ጀመረ።

ስለ ኃይል እጥረት ጋዜጦች ይጽፋሉ፣ ሚኒስትሮች መግለጫ ይሰጣሉ። በአንድ ሕንፃ የብሬከር ሳጥን ውስጥ ስላለው ያልተካከለ ጭነት ግን ከሀሪሱና ከተከራዩ በቀር የሚያወራ የለም።

ሦስት ሞገዶች

ከማመንጫ ጣቢያ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በሦስት ሽቦዎች ይጓዛል። በጄኔሬተሩ ውስጥ ሦስት የሽቦ ጥቅልሎች በክቡ ዙሪያ በእኩል ርቀት ተቀምጠዋል፤ የሚሽከረከረው ማግኔት በተራ በተራ ያልፋቸዋል። ስለዚህ በሦስቱ ሽቦዎች ላይ ያለው ሞገድ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ይከታተላል። በኩዌትም በኢትዮጵያም ይህ ዙር በሰከንድ 50 ጊዜ ይደጋገማል።

ይህን ሥርዓት ለሥራ ካበቁት መሐንዲሶች አንዱ በጀርመኑ አ.ኤ.ጌ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሚኻይል ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 በሦስት ፌዝ የሚሽከረከር ሞተር ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1891፣ ላውፈን ከተማ ላይ በውሃ ጉልበት የመነጨ የሦስት ፌዝ ኃይል 175 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ፍራንክፈርት ላይ በተከፈተው የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን አንድ ሺህ አምፖሎች አበራ። ዛሬ ዓለም የሚጠቀመው ይህንኑ መንገድ ነው።

የሦስት ፌዝ ትልቁ ጥቅም በመመለሻው ላይ ይታያል። አንድ ፌዝ ብቻ ሲኖር የሄደው ኮረንት ሁሉ በሌላ ሽቦ መመለስ አለበት። ሦስቱ ፌዞች እኩል ሲጫኑ ግን ሞገዶቻቸው እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ በጋራው መመለሻ፣ ኒውትራል በሚባለው ሽቦ፣ የሚያልፈው ኮረንት ዜሮ ይሆናል። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሦስቱም ቁመታቸው ሲተካከል እንደሆነ ሁሉ፣ ይህ ጥቅም የሚገኘው ጭነቱ ሲመጣጠን ብቻ ነው።

በኩዌት በአንድ ፌዝና በኒውትራል መካከል 240 ቮልት አለ፤ በሁለት ፌዞች መካከል ደግሞ 415። በኢትዮጵያ ተጠቃሚው የለመደው ቁጥር 220 እና 380 ነው። አምፖል፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅና የመስኮት ኤሲ በአንድ ፌዝ ይሠራሉ። ሊፍት፣ ትልቅ የውሃ ፓምፕና ትልልቅ ማቀዝቀዣ ማሽኖች ሦስቱንም ይፈልጋሉ።

ሚዛኑ እንዴት ይጠፋል?

ሕንፃ ሲሠራ መሐንዲሱ አፓርታማዎቹን በሦስቱ ፌዞች ላይ በወረቀት ያካፍላል፤ ይህኛው በቀዩ፣ ያኛው በቢጫው፣ ሌላው በሰማያዊው። በወረቀት ላይ ሚዛኑ ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ኑሮ ይገባበታል። አንድ ሳሎን በኮምፔንሳቶ ለሁለት ይከፈልና ሁለተኛ ኤሲ ይገጠምለታል። ቤተሰብ ይኖርበት በነበረው አፓርታማ ስምንት ሠራተኞች ይገባሉ፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ማሽን ይፈልጋል። አዲስ መስመር እንዲዘረጋ የተጠራው ኤሌክትሪሺያን ሳጥኑን ከፍቶ ባዶ ቦታ ባገኘበት ፌዝ ላይ ያስረዋል። ያ ፌዝ ስንት አምፔር እንደተሸከመ የለካ ሰው የለም። የኤሌክትሪክ ዋጋም ቁጠባን አያስገድድም፤ የግል ቤቶች በኪሎዋት ሰዓት 2 ፊልስ፣ የኪራይ አፓርታማዎች ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህ 5 ፊልስ ነው የሚከፍሉት። ስለዚህ በበጋ ኤሲው ሌት ተቀን ይሠራል።

ለምሳሌ ዋናው ፓነል ላይ ሲለካ አንደኛው ፌዝ 120 አምፔር፣ ሁለተኛው 75፣ ሦስተኛው 60 የሚያሳይ ሕንፃ አለ እንበል። ድምሩ 255 ነው፤ እኩል ቢካፈል እያንዳንዱ 85 አምፔር ይደርሰው ነበር። የሽቦ ሙቀት ግን ከኮረንቱ ጋር በቀጥታ አያድግም፤ የሚያድገው በኮረንቱ ካሬ ነው። ስለዚህ 120 አምፔር የተሸከመው ሽቦ 85 ቢሸከም ኖሮ ከሚፈጥረው ሙቀት እጥፍ ያህሉን ይፈጥራል። ዜሮ ሊሆን ይችል በነበረው ኒውትራል ደግሞ 54 አምፔር ያልፋል። አራቱ ሽቦዎች እኩል ውፍረት ካላቸው በመስመሩ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል በጠቅላላው በ22 በመቶ ይጨምራል። ተከራዮቹ የተጠቀሙበት ኤሌክትሪክ ግን ያው ነው፤ አንድ አምፖል እንኳ አልጨመረም።

በኩዌት ይህን የሚያባብስ ሌላ ነገር አለ። በቤት ሽቦ ላይ የሚጻፈው የአምፔር አቅም አየሩ 30 ዲግሪ በሆነበት ቦታ የተሰላ ነው። የተለመደው በፒ.ቪ.ሲ የተለበሰ ሽቦ በ50 ዲግሪ አካባቢ ሲሠራ አቅሙ ወደ 71 በመቶ ዝቅ ይላል። 100 አምፔር ይሸከማል የተባለው በሐምሌ ጣራ ሥር 71 ብቻ ይችላል ማለት ነው። ከመጠን በላይ የተጫነው ፌዝ የሚጎዳው እንግዲህ ሽቦው በጣም በደከመበት ወር ነው።

ኒውትራል ሲላቀቅ

ጭነት ካልተመጣጠነ ከሚመጡት አደጋዎች ሁሉ የከፋው በኒውትራሉ በኩል የሚመጣው ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ፌዙን ነው፤ ኒውትራልን እንደ ተራ መመለሻ ያየዋል። ነገር ግን አፓርታማዎቹ 240 ቮልታቸውን ሳይበላለጡ የሚያገኙት በዚህ ሽቦ ነው።

ብዙ ኮረንት ለዓመታት የተሸከመ የኒውትራል ማሰሪያ ይግላል፣ ይላላል፣ አንድ ቀን ይላቀቃል። ያን ጊዜ በተለያዩ ፌዞች ላይ ያሉ ሁለት አፓርታማዎች በ415 ቮልት መካከል በተከታታይ የተያያዙ ይሆናሉ፤ ሦስተኛውን ለጊዜው እንተወውና። በአንደኛው ቤት 2,400 ዋት የሚወስድ ማሞቂያ፣ በሌላው 240 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን በርቷል እንበል። ሒሳቡ ሲሠራ ማሞቂያው የሚያገኘው ወደ 38 ቮልት ብቻ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ግን 377 ቮልት ይወርድበታል። የሚቃጠለው ትንሽ የሚጠቀመው ሰው ዕቃ ነው።

ስለዚህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የአንዱ ቤት መብራት ሲፈዝ የሌላው በተቃራኒው ቦግ ካለ፣ ያ የኒውትራል መላላት ግልጽ ምልክት ነው። ኤሌክትሪሺያኑ እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም፤ ዋናው ማብሪያ ወዲያው መጥፋት አለበት።

ሞተሮች ለምን ቀድመው ይቃጠላሉ?

የፌዝ ጭነት ሲዛባ ቮልቴጁም ይዛባል፤ ቮልቴጁ ሲዛባ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዱት የሦስት ፌዝ ሞተሮች ናቸው። በአባሲያ ሕንፃ ይህ ማለት ውሃ ወደ ጣራ ታንከር የሚገፋው ፓምፕና ሊፍቱ ነው።

ምክንያቱን እ.ኤ.አ. በ1918 በሒሳብ ያሳየው በአሜሪካው ዌስቲንግሀውስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ቻርልስ ፎርተስኩ ነው። ማንኛውም የተዛባ የሦስት ፌዝ ኃይል በሦስት የተስተካከሉ ክፍሎች ድምር ሊገለጽ እንደሚችል አረጋገጠ። አንደኛው ክፍል ሞተሩን ወደፊት ያዞራል። ሁለተኛው ወደኋላ ሊያዞረው ይታገላል። ሦስተኛው በኒውትራል ይመለሳል። በተዛባ ቮልቴጅ የሚሠራ ሞተር እንግዲህ በራሱ ውስጥ የሚጎትተውን ተቃራኒ ኃይል እየታገለ ነው፤ ትግሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ልኩ ያስደንቃል። በቮልቴጅ ላይ የሚታይ የ1 በመቶ መዛባት በሞተሩ ኮረንት ላይ ከ6 እስከ 10 በመቶ የሚደርስ መዛባት ያመጣል። የ3.5 በመቶ መዛባት የሞተሩን የሙቀት ጭማሪ በ25 በመቶ ገደማ ያሳድገዋል። የሞተር ጥቅልል ልባስ ከተሠራለት ሙቀት በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ነው። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ማኅበር መመሪያ መዛባቱ ከ1 በመቶ ሲያልፍ የሞተሩ ጭነት እንዲቀነስ፣ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ደግሞ ሞተሩ ጨርሶ እንዳይሠራ ይመክራል። አንዱ ፌዝ ፈጽሞ ከጠፋ ሞተሩ መነሣት አቅቶት ያጓራል፤ ሲሠራ ከነበረም በሁለቱ ብቻ ለመቀጠል ይሞክርና በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል።

ፓምፕ በዓመት ሁለቴ ወደ ሞተር ጥቅለላ ቤት የሚመላለስበት ሕንፃ ካለ፣ ጥፋቱን በፓምፑ ላይ ከማሳበብ በፊት ሦስቱን ቮልቴጆች መለካት ይገባል።

እንዴት ይታወቃል?

ምልክቶቹን ተከራይም ሀሪስም ሊያያቸው ይችላል። በአንድ ረድፍ ያሉ ቤቶች መብራት ብቻ መፍዘዝ፣ ሁልጊዜ የሚወርደው ያው አንድ ብሬከር መሆኑ፣ ከፓነሉ የሚመጣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ የሚያጓራ ፓምፕ። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው፤ ኃይል ያለበትን ፓነል ማንም ተነሥቶ መክፈት የለበትም።

ባለሙያው የሚይዘው ዋና መሣሪያ ክላምፕ ሜትር ነው። መንጋጋውን ከፍቶ ሽቦውን ያቅፍበታል፤ ሳይቆርጥ፣ ሳይፈታ የሚያልፈውን አምፔር ያነባል። ሦስቱን ፌዞች በየተራ፣ ከዚያም ኒውትራሉን ይለካል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። የሦስቱ አማካይ ይወሰዳል፤ ከአማካዩ በጣም የራቀው ልዩነት ይፈለጋል፤ ልዩነቱ ለአማካዩ ተካፍሎ በመቶ ይባዛል። በላይኛው ምሳሌ አማካዩ 85፣ ትልቁ ልዩነት 35 ነው፤ መዛባቱ 41 በመቶ ይሆናል። ለቮልቴጅም ስሌቱ ያው ነው። በፌዞቹ መካከል 402፣ 414 እና 414 ቮልት ከተነበበ አማካዩ 410፣ ልዩነቱ 8፣ መዛባቱ 2 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ማምታታት አያስፈልግም፤ በአምፔር 10 በመቶ ብዙም የማያስጨንቅ ሲሆን፣ በቮልቴጅ 2 በመቶ ግን አውሮፓውያን ለሕዝብ መስመር ያስቀመጡት ወሰን ነው።

አንድ ጊዜ ለክቶ መደምደም ያሳስታል። ጠዋት ሠራተኛው ሲወጣ የተመጣጠነው ሕንፃ ማታ ሁሉም ሲገባ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ልኬቱ በከባዱ የቀትር ሰዓት፣ በምሽት፣ እንዲሁም የውሃ ማሞቂያ በሚበራበት የጥር ብርድ መደገም አለበት። አቅም ካለ ለአንድ ሳምንት በራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ ፓነሉ ላይ ይታሰራል።

ከዚያ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ይለያል። የሕንፃው ጭነት ሁሉ ጠፍቶም የመግቢያው ቮልቴጅ ከተዛባ ችግሩ ከትራንስፎርመሩ ወይም ከመንገዱ መስመር ነው፤ ጉዳዩ ለሚኒስቴሩ ይሄዳል። ጭነቱ ሲበራ ብቻ ከተዛባ መፍትሔው ያለው ሕንፃው ውስጥ ነው። ለሞተር ሌላ ብልሃት አለ። ሦስቱ ሽቦዎች በአንድ አቅጣጫ አንድ አንድ ቦታ ይዛወራሉ፤ የሞተሩ መዞሪያ አይለወጥም። ከፍተኛው አምፔር ሽቦውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ ከመስመሩ ነው፤ በሞተሩ ያው እግር ላይ ከቀረ ሞተሩ ራሱ ታሟል።

ማስተካከሉ

የመጀመሪያው ሥራ መፍቻ ማንሣት ነው። ኃይሉ ተዘግቶ በዋናው ፓነል ያሉ ማሰሪያዎች ሁሉ ይፈተሻሉ፣ ይጠበቃሉ፤ የጠቆሩት ይቀየራሉ። በአንድ ፌዝ ላይ ያለ የላላ ብሎን ብቻውን ቮልቴጅ ሊያዛባ ይችላል። የሙቀት ካሜራ ያለው ባለሙያ የላላውን ብሎን በአንድ እይታ ያገኘዋል፤ ከሌሎቹ ይልቅ ደምቆ ይታየዋልና።

ሁለተኛው ጭነት ማዛወር ነው። አንድ ተኩል ቶን የሚባለው የመስኮት ኤሲ 9 አምፔር ገደማ ይወስዳል። በምሳሌው ሕንፃ ከአንደኛው ፌዝ አራት ኤሲዎች ተነሥተው አንዱ ወደ ሁለተኛው፣ ሦስቱ ወደ ሦስተኛው ቢዛወሩ፣ አዲሶቹ ቁጥሮች 84፣ 84 እና 87 ይሆናሉ። መዛባቱ ከ41 በመቶ ወደ 2.4 በመቶ ወረደ ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ሜትር ሽቦና የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሲዛወር ግን የየመስመሩ ሰዓትም ይታያል፤ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ክፍልና የቀን ፈረቃ ሠራተኞች ክፍል በድምር እኩል ቢሆኑም በአንድ ሰዓት እኩል አይጫኑም።

ጥንቃቄም አለው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሶኬቶች በተለያዩ ፌዞች ላይ ከዋሉ በመካከላቸው 415 ቮልት አለ፤ ስለዚህ የሚዛወረው ሙሉ ክፍል ወይም ሙሉ አፓርታማ ቢሆን ይመረጣል። ኒውትራል የሚጋሩ መስመሮችም አብረው መፈተሽ አለባቸው።

ሦስተኛው ጥበቃ ነው። የፓምፑንና የሊፍቱን ሞተር በሚያበራና በሚያጠፋው ኮንታክተር ላይ የፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌይ ይገጠማል። ሪሌዩ አንዱ ፌዝ ሲጠፋ ወይም መዛባቱ ከተወሰነለት ሲያልፍ ሞተሩን ያጠፋዋል። ዋጋው ከአንድ የሞተር ጥቅለላ ያነሰ ነው።

ሚዛኑ ተስተካክሎም ኒውትራሉ የሚግልበት ጊዜ አለ። የኤል.ኢ.ዲ አምፖሎች፣ የስልክ ቻርጀሮች፣ ኮምፒውተሮችና ኢንቨርተር ኤሲዎች ኮረንቱን በንጹሕ ሞገድ አይወስዱም፤ እየቆራረጡ ነው የሚወስዱት። ከዚህ የሚመነጩት ፈጣን ሞገዶች በኒውትራል ላይ አይጠፋፉም፣ ይደመራሉ። ስለዚህ ኒውትራሉ ራሱን ችሎ መለካት አለበት፤ በእንዲህ ያሉ ዕቃዎች በተሞላ ሕንፃም ከፌዞቹ የቀጠነ ኒውትራል መጠቀም አይገባም።

ምጣዱና ባቡሩ

ይህ ጉዳይ የኩዌት ብቻ አይደለም። ከአባሲያ ተነሥቶ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው በሰፈሩ ትራንስፎርመር ሥር ያገኘዋል፤ ጭነቱ ግን ኤሲ ሳይሆን የእንጀራ ምጣድ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው። 100 ኪሎ ቮልት አምፔር የሆነ የሰፈር ትራንስፎርመር በእያንዳንዱ ፌዝ የሚሸከመው 144 አምፔር ነው። በአንዱ ፌዝ ላይ ያሉ አሥር ቤቶች ለበዓል ዋዜማ በአንድ ሰዓት ምጣዳቸውን ቢያበሩ 160 አምፔር ይጠይቃሉ። ትራንስፎርመሩ በድምሩ ሲታይ ከአቅሙ ሲሶውን ብቻ እየሰጠ፣ በዚያ ፌዝ ፊውዙ ሊበጠስ ይችላል። የሰፈሩ ሰው «አንድ ፌዝ ጠፋ» ይላል። መብራት ያጣው ቤት በምሰሶው ላይ ወደሚሠራው ፌዝ እንዲያዞሩለት ሲለምን፣ የቀሩት ሁለቱ ይበልጥ ይጫናሉ። አሥሩ ምጣዶች በሦስቱ ፌዞች ቢካፈሉ ኖሮ በአንዱ ላይ ቢበዛ 64 አምፔር ነበር የሚያርፈው።

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ያ ኃይል ከእናቶች ምጣድ የሚደርሰው ግን በእነዚሁ ትንንሽ ትራንስፎርመሮች በኩል ነው። አዲስ ቤት ሲገባ ለየትኛው ፌዝ እንደታሰረ መመዝገብና በየጊዜው በክላምፕ ሜትር መለካት፣ ግድብ ከመገንባት ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው።

በትልቁ ደረጃ ደግሞ ባቡር አለ። 752 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በ25 ሺህ ቮልት በአንድ ፌዝ ይሠራል። አንድ ባቡር ብቻውን በሺህ የሚቆጠሩ ምጣዶች ያህል ኃይል ሊስብ ይችላል፤ የሚስበው ግን ከሦስቱ ፌዞች ሁለቱን ብቻ ተጠቅሞ ነው። በዓለም ላይ ለእንዲህ ያሉ መስመሮች የተለመደው መፍትሔ ሀዲዱን በክፍል በክፍል ከፍሎ የመጀመሪያውን ጣቢያ ከአንደኛውና ከሁለተኛው ፌዝ፣ ቀጣዩን ከሁለተኛውና ከሦስተኛው፣ ሌላውን ከሦስተኛውና ከአንደኛው እያፈራረቁ ማገናኘት ነው። በአባሲያ አራት ኤሲ ያዛወረው ኤሌክትሪሺያንና የባቡር መስመር የነደፈው መሐንዲስ የሠሩት ሥራ አንድ ዓይነት ነው።

የተከራዩ ድርሻ

እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 2024 ከአባሲያ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በመንጋፍ፣ ሠራተኞች በሚኖሩበት ሕንፃ ላይ የተነሣ እሳት የ50 ያህል ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ፤ አብዛኞቹ ሕንዳውያን ነበሩ። ባለሥልጣናት መነሻው በጠባቂው ክፍል የተፈጠረ የኤሌክትሪክ ሾርት መሆኑን አስታወቁ። የዚያ እሳት ምክንያት የፌዝ አለመመጣጠን ነው የሚል የለም። ነገር ግን በተጨናነቀ ሕንፃ ውስጥ አንድ የጋለ ሽቦ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከዚያ በላይ የሚያሳይ ነገር አያስፈልግም።

ተከራይ ፓነል አይከፍትም፣ ጭነት አያዛውርም። አዲስ ኤሲ ከመግጠሙ በፊት ግን «የትኛው ፌዝ ላይ ነው የሚታሰረው? አሁንስ ስንት አምፔር ተሸክሟል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የወረደ ብሬከርን ደጋግሞ ማንሣትን፣ ይባስ ብሎም በትልቅ መቀየርን መቃወም ይችላል፤ ብሬከሩ የወረደው ሽቦውን ለማዳን ነውና። መብራቱ የፈዘዘበትን ቀንና ሰዓት በስልኩ መዝግቦ ለሀሪሱ ቢሰጥ፣ ኤሌክትሪሺያኑ የት መለካት እንዳለበት ያውቃል። ጭስ ወይም የእሳት ብልጭታ ካየ ደግሞ የኩዌት የአደጋ ጊዜ ቁጥር 112 ነው።

የሕንፃው ባለቤትና አስተዳዳሪም ለዚህ ሥራ የሚመች ወር አላቸው፤ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሚያዝያ ላይ። በዚያ ወር ማሰሪያዎች ይጠበቃሉ፣ የየአፓርታማው ፌዝ በዝርዝር ይጻፋል፣ ዝርዝሩም በፓነሉ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፋል። ሐምሌ ላይ ሁሉም ኤሲ ሲነሣ ልኬቱ ይደገማል፤ የሦስቱ ፌዞችና የኒውትራሉ አምፔር ከነቀኑና ከነሰዓቱ በዚያው ወረቀት ላይ ይሰፍራል። በቀጣዩ ዓመት የሚጠራው ኤሌክትሪሺያን ሌላ ሰው ቢሆንም፣ አዲሱን ኤሲ በየትኛው ፌዝ ላይ ማሰር እንዳለበት ከዚያ ያነባል።